ማስተካከያ፦ የአንድነት ጸሎት ሳምንት ቀን

ባለፈው ጽሑፌ የክርስቲያኖች አንድነት የጸሎት ሳምንት፣ ማለትም የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ስለ አንድነት አብረው የሚጸልዩበት ሳምንት፣ ከጥር 18 እስከ 25 ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። 18 እና 25 የጃንዋሪ ቀኖች ናቸው። እኔ ሳላስበው ጃንዋሪን ጥር ብዬ ጻፍኩት። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ከጥር 10 እስከ 17 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች ግን በሚከተለው ዓመት ከጥር 9 እስከ 16 ይውላል። በእኔ ጽሑፍ ተመርታችሁ ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ቀጠሮ ይዛችሁ ከሆነ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እባካችሁ ቶሎ ደውሉላቸው።

ቀኑን ሲያስተካክሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሳምንቱ ከከተራና ከጥምቀት ጋር ይገጥማል። ኦርቶዶክስ ወንድሞችና እህቶችን ለመጋበዝ ያሰበ ሰው ታቦት በሚወጣበት ቀን ፕሮግራም ባይይዝ ጥሩ ነው። ከበዓሉ በኋላ ያሉት ቀኖች ይሻላሉ። ኢየሩሳሌም ውስጥም ሳምንቱ የሚጀመረው የአርመን ቤተ ክርስቲያን የልደት በዓል ካለፈ በኋላ ነው። እዚያ አብያተ ክርስቲያናቱ በየተራ ያስተናግዳሉ፤ የእኛዋ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ተራ አላት። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሌላም ስህተት አለ። ጸሎቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ተጀመረ ብያለሁ። የተጀመረው በ1908 ነው፤ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በግሬይሙር፣ በአባ ፖል ዋትሰን። በ1968 የሆነው ሌላ ነው፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አብረው ያዘጋጁት የጸሎት ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ።