ፈጣሪን የሚፈራ ሰው ዋስ ለምን ይጠየቃል?

ሰሞኑን አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊ ለፋይናንስና ለግዥ ሠራተኞች በተዘጋጀ የሥነ ምግባር ሥልጠና ላይ ባደረጉት ንግግር የሌብነታችን ሥር ፈሪሃ እግዚአብሔር መጥፋቱ ነው ካሉ በኋላ፣ ፈጣሪውን የማያውቅ ሰው የሕዝብ ገንዘብ ባለበት ቦታ ሊመደብ እንደማይገባና ወደፊት በቅጥር ጊዜም ይህ ጉዳይ መታየት እንዳለበት አሳስበዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። በማግስቱም ንግግሩ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲቀባበል ዋለ፤ ከሥሩ የሚነበበው «እውነት ነው» እና «አሜን» ነበር። እኔ በፈጣሪ መኖር ከማያምኑት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ስለሆንኩ ነገሩ እኔን እንደሚመለከት ለመረዳት ብዙ አልተቸገርኩም።

ለኃላፊው ከተሰጠው ድጋፍ ሁሉ በብዛት የተደጋገመው «ፈጣሪ የለም የሚል ሰው እንዳይሰርቅ ምን ይይዘዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ ጥያቄያቸው ከእኔ ይልቅ ራሳቸውን የሚያጋልጥ መሆኑን ያስተዋሉት አይመስልም። ወድቆ ያገኘውን ቦርሳ ለባለቤቱ የሚመልሰው ከላይ የሚያየው አለ ብሎ ብቻ የሆነ ሰው ጨዋ አይባልም፤ ዘበኛ የቆመበት ሌባ ነው፤ ዘበኛው ያንቀላፋ በመሰለው ቀን ምን እንደሚያደርግም ከአሁኑ ነግሮናል። ደግነቱ አብዛኛው አማኝ እንዲህ አይደለም። የማይሰርቀው በወጉ ስላደገ፣ ስለሚያፍር፣ የሰው ላብ መብላት ስለሚቀፈው ነው። እኔንም የሚይዘኝ ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን ኃላፊው የተናገሩትን፣ አዳራሹም ያጨበጨበለትን ሐሳብ፣ ገንዘብ መሐል ሲገባ በአገራችን አንድም ሰው የማያምንበት መሆኑ ነው። የምሳተፍበት የሰፈር ዕቁብ አለ። ዳኛው ኪዳን የማያስታጉሉ አዛውንት ናቸው። አንድ እሑድ ዕጣው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በዲቁና ለሚያገለግል ወጣት ወጣ፤ ጠዋት በአንድ ቅዳሴ አብረው ቆመዋል። ዳኛው ብሩን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ ካኖሩት በኋላ እጃቸውን ከላዩ ሳያነሡ «በል ልጄ፣ ዋስህን ጥራ» አሉት። ልጁም ቅር አላለውም፤ ዞር ብሎ እኔን ጠራኝ፤ ፈረምኩለት። እኔ ቤተ ክርስቲያን የማልሄደው ለምን እንደሆነ በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ዳኛውም ባገኙኝ ቁጥር «አንተን አንድ ቀን ጠበል ሳልወስድህ አልሞትም» ይሉኛል። ፊርማዬን ግን ሳያመነቱ ተቀበሉት። ዲያቆኑ እግዚአብሔርን እንደሚፈራ ያውቃሉ፤ እኔ እንደማላምንም ያውቃሉ፤ ለዕቁቡ ገንዘብ ግን ከሁለቱም እውቀት ይልቅ ስምና ፊርማ፣ ገንዘብ ቢጠፋም የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ይበልጥባቸዋል። እኚህ አዛውንት ስለ ሥነ ምግባር ከኃላፊው የተሻለ ሥልጠና መስጠት ይችላሉ።

ዕቁብ ብቻ አይደለም። ባንክ ብድር ሲሰጥ የንስሐ አባትህ ማን ነው አይልም፤ የቤትህን ካርታ አምጣ ይላል፤ በእስልምና ሕግ እንሠራለን ብለው የተቋቋሙት ከወለድ ነጻ ባንኮችም መያዣ መጠየቅን አላስቀሩም። ደግነታችን ከሁሉ በላይ የሚታይበት ዕድር እንኳ ቀብር ላይ ያልተገኘውን አባል ስም ጠርቶ ይቀጣል። ሐዘንተኛን ማጽናናት የጽድቅ ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር የዕድር አባል አላውቅም፤ ቅጣቱ ቢነሣ ግን ድንኳኑ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቀር የዕድር ጸሐፊዎችን መጠየቅ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ምስክሩን ያስምለዋል። መሐላው ቢበቃ ኖሮ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 453 የሐሰት ምስክርነትን ወንጀል ማድረግ ባላስፈለገው ነበር። ሕጉን ያረቀቁትና ያጸደቁት ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማኞች እንደነበሩ አልጠራጠርም፣ መጽሐፍ ጨብጦ የሚዋሽ መኖሩን አውቀው ነው የጻፉት። በገንዘብ የሚመሰክረውም ሰው ኢ-አማኒ አይደለም፤ ችሎት ከመግባቱ በፊት ያማትባል።

መንግሥትም ቢሆን፣ ኃላፊው የሚያገለግሉት መንግሥት፣ በፈሪሃ እግዚአብሔር ላይ ተማምኖ አያውቅም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስለጠፋ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ሹማምንቱን ሀብታችሁን አስመዝግቡ አለ እንጂ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቆረባችሁ ወይም ስንት ጁምዓ እንደሰገዳችሁ ንገሩን አላለም። ኃላፊው እግዚአብሔርን መፍራት በቂ ዋስትና ነው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ከሆነ፣ ከአዳራሹ እንደወጡ ይህ አዋጅ እንዲሻር ሐሳብ ማቅረብ ይገባቸው ነበር።

ፈሪሃ እግዚአብሔር ጠፋ የሚለው አባባልም ቢሆን ከየት እንደመጣ አይገባኝም። በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት፣ የመሬት ጉዳይ የያዘልኝ ሠራተኛ ካፌ ቀጠረኝ። የመጣለት ማኪያቶ በወተት መሆኑን ሲያይ አስተናጋጇን ተቆጥቶ መለሰው። የጾም ማኪያቶው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ፋይሌ «እንዲንቀሳቀስ» ስንት ማዘጋጀት እንዳለብኝ በትሕትና አስረዳኝ። ይህ ሰው ያስመስል ነበር ብዬ አላምንም፤ ወተቱ ከልቡ አስደንግጦታል። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ሳይሳሳት የለየው ኅሊና ጉቦ ፊት ሲደርስ የሚለየው ነገር አጣ። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስሕተት መሥራቱን የሚያውቅበት አንድ ቦታ በውስጡ በቀረለት ነበር። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ሲደፋ፣ በግ ሲገዛም ብሩ ከየት እንደመጣ አይታወሰውም።

ሌላውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅቤን ከሙዝና ከፓልም ዘይት ጋር ለውሶ፣ በርበሬ ላይ የተፈጨ ሸክላ ጨምሮ «በማርያም፣ ንጹሕ ነው» እያለ የሚሸጥልን አለ፤ የረመዳን ዋዜማ የቴምሩን ዋጋ ሰቅሎ «ወላሂ አላተረፍኩበትም» የሚል አለ፤ «ኢየሱስ ያድናል» የሚል ተለጣፊ በለጠፈ ታክሲ ውስጥ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከታሪፍ በላይ የሚቀበል ረዳት አለ። አማኝ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ኢ-አማኒ ፈልጋችሁ ለማግኘት ሞክሩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ተረት ያወረሱን ከሃዲዎች አይደሉም፤ ጾም የማይሽሩ፣ ደጀ ሰላም ስመው የሚያልፉ አያቶቻችን ናቸው፤ ይህም ኃላፊው የሚናፍቁት ፈሪሃ እግዚአብሔር ሙሉ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው።

ደርግን የሚያነሡብኝም አሉ። ደርግ ማርክሲስት ነበር፤ በቀይ ሽብር ወጣቱን ፈጅቷል፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና ቄስ ጉዲና ቱምሳን በ1971 ዓ.ም. ገድሏል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከደርግ በፊት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሥዩመ እግዚአብሔር ነበሩ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አካላቸው ቅዱስ መሆኑን ደንግጎ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ ግን መንግሥታቸው የደከመው ረኃቡን ለመደበቅ ነበር። አንዱ በእግዚአብሔር ስም፣ ሌላው በአብዮቱ ስም ገዛ፤ «ዋስህን ጥራ» የሚላቸው ግን ሁለቱም አልነበራቸውም።

ቁጥር ለሚወድም ቁጥር አለ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ 98 በመቶ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ ተናግረዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያህል ፈሪሃ እግዚአብሔር እንደሚፈለግ እንጃ። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ፀረ ሙስና ድርጅት ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ነጥብ ከፍ ሲል ሙስና ማነሱን በሚያሳየው መለኪያ ግን ያገኘነው ከ100 ነጥብ 37 ነው። 90 አግኝታ አንደኛ የወጣችው ዴንማርክ አብያተ ክርስቲያናቷ በአብዛኛው እሑድ ጭር የሚሉባት አገር ናት። ያ በሀብታቸውና ለዘመናት በገነቡት ተቋም የመጣ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ እኔስ ከተቋም ሌላ ምን አልኩ?

የኃላፊው ሐሳብ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ከሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11፣ የእምነት ነጻነትን ከሚደነግገው አንቀጽ 27 ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ባለሙያዎች ይንገሩን። እኔን የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው። በቅጥር ቅጹ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ባዶ ቦታ ተጨመረ እንበል። ግዥ ክፍል ገብቶ ለመብላት ያሰበው አመልካች ምን ብሎ ይሞላዋል? «አማኝ» ይላል እንጂ፤ ቢጠየቅ ከአጥቢያው የምስጋና ደብዳቤ ያያይዛል፣ ለቃለ መጠይቁም ማዕተቡን ከሸሚዙ ውጭ አውጥቶ ይመጣል። «የለኝም» ብሎ የሚሞላው ማነው? እናቱ ያለቀሱበት፣ ዘመድ ያኮረፈው፣ ምናልባትም እጮኛው ጥላው የሄደች፣ እንጀራው እንደሚዘጋበት እያወቀ እንኳ አንዲት ቃል መዋሸት ያልሆነለት ሰው ነው። በኃላፊው መመዘኛ ይኸኛው ከበር ይመለሳል፤ ያኛው ደግሞ የካዝናውን ቁልፍ ፈርሞ ይረከባል።