ይድረስ ለክቡር የትብብር ደብዳቤ፤ ባሉበት መዝገብ ቤት

ቁጥር፦ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ከምሳ ስትመለስ ይሞላል
ቀን፦ እንደ ቁጥሩ
ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ማህተምዎ ደህና ነው? ራስጌዎ ላይ ያለው አርማ አልደበዘዘም? እኔ ፀሐይ አንገቴን ከላጠኝ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ባለፈው መስከረም ስላደረጉልኝ መስተንግዶ ላመሰግንዎ ነው። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጥብቅ ስፍራ በር ላይ። እንደማይረሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የወለድኩዎት እኔ ነኝ እኮ። ረቂቅዎን የጻፍኩት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተከትዬ ያስመራሁዎት፣ ያስፈረምኩዎት፣ ማህተም ያስመታሁዎት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በፕላስቲክ ፋይል አድርጌ እንደ አራስ ልጅ ጭኔ ላይ ታቅፌዎት ነው የመጣሁት።

ሥራችንን ያውቁታል፤ ሆድዎ ውስጥ ተጽፏል። በደረቅ መሬት ብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ላይ የሚሠራ የሦስት አገሮች የትብብር ፕሮጀክት። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ጀርመን። ስሙ ባነር ላይ ሁለት መስመር ተኩል ይፈጃል። የእኔ ድርሻ ግን አጭር ነው፤ ሣር እቆጥራለሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች የብረት ካሬ አለችኝ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ የወረረው ቦታ ላይ እጥላታለሁ። የተመነጠረው ላይ እጥላታለሁ። ገና ያልተወረረው ላይም እጥላታለሁ። ከዚያ ተንበርክኬ ውስጧ የበቀለውን በየዓይነቱ እቆጥራለሁ። 9 ዓመት እንደዚህ ተንበርክኬያለሁ። አንዱን ሣር ከሌላው በደንብ የምለየው ሲያብብ ነው። የሚያብበው ደግሞ የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ ለጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ ይረግፋል። ሣር ነገ ተመለስ አይልም።

ሌሊት 10 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሳን። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ በሩ ጋ ደረስን። ጥበቃው ተቀበለዎት። እርስዎን እንዴት እንደሚያነብ አይቼ ተገርሜያለሁ፤ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ማህተሙን። ቀጥሎ ፊርማውን። ከዚያ ማህተሙ ፊርማውን መንካት አለመንካቱን። ነክቷል፤ አጠገቡ ቆሜ ነው ያስመታሁት። በመጨረሻ ስም ማንበብ ጀመረ። ጀርመናዊው ተማሪ፣ አለ። ኬንያዊቷ ባልደረባችን፣ አለች። ሹፌሩ፣ አለ። የመኪናው ሰሌዳ ከነኮዱ፣ አለ።

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔማ አስተባባሪው ነኝ።»

«ደብዳቤው ላይ የለህም።»

ተቀብዬ አየሁዎት። እውነትም የለሁም። ረቂቁ ላይ አራተኛ ነበርኩ። ጸሐፊዋ ከአንድ ገጽ እንዳያልፉ ብላ አጣበበችዎት፤ ሁለት ገጽ ከሆኑ በየገጹ ማህተም ይፈልጋሉና። ሲጣበቡ አንድ መስመር ወደቀ። የወደቀው መስመር እኔ ነኝ። መኪናው ተርፏል።

የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አወጣሁ። የቀበሌ አወጣሁ። ፋይዳዬን ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ጥበቃው ሦስቱንም በጥሞና አይቶ መለሰልኝ። «መታወቂያማ ማን እንደሆንክ ነው የሚናገረው» አለ። «ግባ አይልም።»

ይህ ሰው ያውቀኛል፣ ክቡር ሆይ። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ በዚያው በር ሳልፍ ነበር፤ ስሟን አውቃለሁ። ይህንኑ ብነግረው አፈረ። መሬት መሬት እያየ «አውቅሃለሁ እኮ ወንድሜ» አለኝ። «በደብዳቤ ነው የማላውቅህ።»

ቢሮ ደወልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። ማህተም የያዘችው ልጅ ቢሾፍቱ ወርክሾፕ ሄዳለች። የመሳቢያው ቁልፍ ከእሷ ጋር ሄዷል። ወርክሾፑ ስለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። «ስለ ቅንጅታዊ አሠራር» አሉኝ። በቴሌግራም የተስተካከለ ቢላክስ ብዬ ጥበቃውን ለመንኩት። ዋናውን ነው የምንቀበለው አለ።

ስለዚህ እንግዶቹና ሹፌሩ ገቡ። ካሬዬም ገባች። ጀርመናዊው ልጅ የሚያጠናው የሳተላይት ምስል ነው፤ ሣርን የሚያውቀው ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ነው። ባልደረባችን የኢኮኖሚክስ ሰው ናት። የቀረኝ ሹፌሩ ነው። የ9 ዓመቱን ሙያ በመኪናው መስኮት በኩል በ5 ደቂቃ አስተማርኩት። «ጣላት፣ ተንበርከክ፣ ቁጠር።» «አታስብ አለቃ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ከውጭ ቀረሁ። ጥላ ፈለግሁ። በዚያ በር ዙሪያ ያለው ጥላ አንድ ብቻ ነው፤ የፕሮሶፒስ። ላጠፋው በመጣሁት ዛፍ ሥር፣ እሾሁን በጫማዬ ገፋ ገፋ አድርጌ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ቢጫ ቢጫ ፍሬው አናቴ ላይ ተንዠርግጓል። አንዷ እሾህ ሶሌን በስታ ገብታ እግሬን ነካችኝ። እንኳን ደህና መጣህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ወደ 7 ሰዓት ላይ ፍየሎች መጡ። በኋላ እግራቸው ቆመው ፍሬውን ቀረጣጠፉ። ጣፋጭ ነው፤ ይወዱታል። ከጠገቡ በኋላ በበሩ ገመድ ሥር አንድ በአንድ አጎንብሰው ገቡ። ጥበቃው ቀና ብሎም አላያቸው። እያንዳንዷ ሆዷ ውስጥ ስንት ዘር ይዛ እንደገባች አልተጠየቀችም። ዘሩ ሆዷ ውስጥ አይሞትም፤ ከነማዳበሪያው ነው የሚወጣው። ፍየሏ እየተራመደች ትዘራዋለች ማለት ነው። እኔ የምቆጥረው ሣር ውስጥ።

መቼም ዛፉንና እርስዎን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ የቆየ ወዳጅነት አላችሁ። የትውልድ አገሩ ከአትላንቲክ ማዶ፣ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ ወደ አፋር ሲገባ በረሃ ሊያስቆም፣ ጥላና ማገዶ ሊሆን ነበር። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ለካ ይህ ዛፍ በሕገወጥ መንገድ ሾልኮ አልገባም። በትብብር ነው የገባው። ደብዳቤው ላይ ስሙ ነበረበት።

ቂመኛ አይደለሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት ማህተሙ ፊርማውን አልነካም ተብሎ 200 ኪሎ ሜትር መመለሴን አላነሳም። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን አንድ ቢሮ «እኛን አይመለከትም» ብሎ መመለሱን አላነሳም። በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሞተው፣ ሐምሌ ውስጥ እንደገና መወለድ እንዳለብዎትም አላነሳም።

ደግሞ ሐቁን ልናገር፤ ጭራሽ ይጥፉ አልልም። ናሙና በሻንጣ ይዞ የሚወጣ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄታችን ላይ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት፣ ማመልከቻ ሲያስገባ ምን እንደተሰማን እናስታውሳለን። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ እስኪያደርገው እ.ኤ.አ. 2018 ደረሰ። የራሳችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው ዘረ መላችንና የማኅበረሰቡ እውቀት በነጻ እንዳይወሰድ ነው፤ ተገቢ ነው። አዋጁ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ከዚሁ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ እንደነበር ግን ያስታውሱ። ፊርማው አልጎደለም። ጤፉን ይዞ ለሚሄደው አለፍ ብለው፣ ሣር ቆጥሮ እዚያው ትቶት ለሚመጣው ምነው ጠነከሩ?

ነገ ተመለስ ማለትን ከበላይ አለቆችዎ የተማሩት እንደሆነ ገብቶኛል። በረሃማነትን ለመከላከል የዓለም አገሮች ስምምነት ያጸደቁት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ዛሬ አባላቱ ወደ 200 ይጠጋሉ። በ2024 ሪያድ ተሰብስበው በድርቅ ላይ አስገዳጅ ሰነድ ይኑር አይኑር ሲከራከሩ ሰነበቱ። አልተስማሙም። ለሚቀጥለው፣ ለሞንጎሊያው ጉባኤ አሳደሩት። እኛ ነገ ተመለሱ የምንለውን እነሱ በሁለት ዓመት ነው የሚሉት። በረሃውን ሊገታ የታሰበው፣ ታላቁ አረንጓዴ ግንብ የሚባለው የዛፍና የተክል ቀበቶም አለ፤ ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ፣ 8 ሺህ ኪሎ ሜትር። በ2021 ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባለት። እስካሁን እኛ በር ላይ ሲደርስ አላየሁትም። ምናልባት እሱም ስሙ ወድቆ ይሆናል።

የሜዳ አህያዋን ነገር ደግሞ ሳስበው ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንዲት የሜዳ አህያ ላኩ። ከዚያ ወዲህ ዝርያዋ በሳይንስ ስሟ «ግሬቪ» ሆነ። እሷ የሰውዬውን ስም ወሰደች፤ እኔ የራሴን አጣሁ። ዛሬ በዓለም የቀሩት ጥቂት ሺዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሰሜን ኬንያ፣ ጥቂቶቹ እኛ ጋ፣ የአፋሩን ሐላይደጌ ሜዳ በመሳሰሉ ስፍራዎች። የሚበሉት ያንን የምቆጥረውን ሣር ነው። ሐላይደጌንም ፕሮሶፒስ እየገፋው ነው።

ወደ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ መጥተው ጥላው ሥር አጠገቤ ተቀመጡ። የፍየሎቹ ባለቤት ናቸው። ምን አስቀመጠህ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። በዱላቸው ወደ ሜዳው እያሳዩኝ፣ ልጅ ሳሉ እዚያ የተኛ ላም ሣሩ ውስጥ እንደማይታይ ነገሩኝ። አሁን እንኳን ላም መንገዱም ጠፍቷል፤ እሾህ ነው። ከብቶቹ አለቁ፤ ፍየል ተረፈ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እናንተ ስትመጡ ወረቀት ታመጣላችሁ። ስሜን ስንት ጊዜ ጻፋችሁት? ጣቴን ስንት ጊዜ ቀለም ነከራችሁት? ያ ሁሉ ስሜ የት ነው የሚቀመጠው?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ስማ! አንተን ነው የምልህ! የእኚህ ሰው የጣት አሻራ በየቢሮው ሼልፍ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው። በእሳቸው ስም ሪፖርት ተጽፏል፣ አበል ተበልቷል፣ ባነር ተሰቅሏል። ፎቶ ሲነሱ ከፊት ይቆማሉ፤ ገንዘቡ ሲመጣ ስማቸው ከመስመር ይወድቃል። ሜዳው በየዓመቱ ይጠባል። አንተ ደግሞ በር ላይ ቆመህ ማን ተጽፏል ማን አልተጻፈም ትላለህ። ትብብር ብሎ ስም ያወጣልህ ማን ነው? ማንን ተባብረህ ታውቃለህ? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ሣሩ ረግፎ ሳያልቅ አስገባኝ እንጂ!

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ሆይ። አንቱታዬ ከእጄ አመለጠኝ። ፀሐዩ ነው።

10 ሰዓት ሲሆን መኪናው ተመለሰ። ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ ቅጹን ሰጠኝ። የመጀመሪያው ቦታ፦ «ሣር ብዙ»። ሁለተኛው፦ «ሣር ትንሽ»። ሦስተኛው፦ «ሣር የለም፣ እሾህ ብቻ፣ ጎማ ተበሳ»። እንደ በዓል ቄጠማ በእቅፍ የታሰረ ሣርም አመጣልኝ፤ የሁሉም ቦታ አንድ ላይ። «ናሙና ነው አለቃ» አለ። እንዴት ልቆጣው? ልቡን ሰጥቶ ነው የሠራው። ውስጥ ያገኘው ስካውት ቀኑን ሙሉ «ዶክተር» ሲለው ውሏል።

መንገድ ላይ ኬንያዊቷ ልታጽናናኝ የአገሯን ታሪክ አወራችኝ። እነሱ ጋ ዛፉ «ማቴንጌ» ይባላል። የባሪንጎ አርብቶ አደሮች ዛፉ አስመርሯቸው መንግሥታቸውን ከሰሱ። ለችሎቱ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ፍየል ነው፤ ጣፋጩን ፍሬ እየበላ ጥርሱ የረገፈ። ፍየሉ ከነድዱ ፍርድ ቤት ቀረበ። እኔ በልቤ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እንዴት በር አለፈ?

አሁን ወደ ልመናዬ። የተስተካከለው እትምዎ በ11ኛው ቀን ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሣሩ እስከዚያ ረግፏል፣ ግን ቢያንስ ለመጪው ዓመት ደብዳቤ መነሻ ይሆናል ብዬ ከፈትኩዎት። ስሜ አለ። ከነአያቴ ተጽፏል። ማህተሙ ፊርማውን በደንብ ነክቷል። አንድ ገጽ ነዎት። የወደቀው የሹፌሩ ስም ነው። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የለኝም።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ፤ ማህተም ያልነካው)

ግልባጭ፦
ለሹፌራችን፣ ዶክተር
ለሽማግሌው፣ ስማቸው ባለበት ሼልፍ ሁሉ
ለፍየሎቹ፤ እንዳለፉ ለማሳወቅ ብቻ