ሁለት ባለ4ኬ ሞኒተር ለአንድ ላፕቶፕ፦ በዶክ ወይስ በቀጥታ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁለት ባለ4ኬ ሞኒተር ለማገናኘት ዶኪንግ ስቴሽን (ዶክ፣ ማለትም ብዙ መሰኪያ ያለው፣ በአንድ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝ ሳጥን) ይሻላል፣ ወይስ እያንዳንዱን በራሱ ኬብል ላፕቶፑ ላይ መሰካት?

የዶክ ደጋፊ፦ ላፕቶፕ ይዘውት የሚዞሩት ዕቃ ነው። ጠረጴዛው ጋ ስትመለስ አንድ ኬብል ትሰካለህ። ሞኒተሮቹ፣ ኪቦርዱ፣ ኢንተርኔቱ፣ ቻርጁ ሁሉም ይሠራሉ። ስትወጣ አንድ ትነቅላለህ። ምኑ ይጠላል?

የቀጥታ ኬብል ደጋፊ፦ ያ ሁሉ በአንዲት ኬብል ነዋ የሚያልፈው! አንድ ባለ4ኬ ሞኒተር በ60 ኸርዝ (ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ እየታደሰ) እንዲሠራ በሴኮንድ 12 ጊጋቢት ያህል ይፈልጋል። ተራ ዩኤስቢ-ሲ ዶክ ብዙ ጊዜ ከአራቱ ፈጣን መስመሮች ሁለቱን ለምስል፣ ሁለቱን ለዩኤስቢ ይሰጣል። ላፕቶፑ ምስል የሚልክበት ስልት ዲስፕሌይፖርት 1.2 ከሆነ በሁለቱ መስመር የሚያልፈው 8.64 ጊጋቢት ብቻ ነው። ለአንዱም አይበቃም፣ እንኳን ለሁለት። ስለዚህ ወደ 30 ኸርዝ ይወርዳል፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ሲቆራረጥ ታየዋለህ። ካርቶኑ ላይ ግን «4ኬ» በትልቁ ተጽፏል። ውሸትም አይደለም፣ 4ኬ የምስሉ ነጥቦች ብዛት ነውና በ30 ኸርዝም 4ኬ ነው።

የዶክ ደጋፊ፦ በርካሹ ምክንያት ሁሉንም አትኮንን። ተንደርቦልት 4 የሚባለው፣ በዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ የሚሠራው ፈጣን ግንኙነት፣ በሴኮንድ እስከ 40 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ሁለት ባለ4ኬ ሞኒተር መደገፍም ግዴታው ነው።

የቀጥታ ኬብል ደጋፊ፦ ላፕቶፑ ከፈቀደ! ኤም1 እና ኤም2 የተባሉት የአፕል ቺፖች ያሏቸው ማክቡክ ኤሮች ተንደርቦልት አላቸው። ቺፑ ግን ከአንድ የውጭ ሞኒተር በላይ አያወጣም። የፈለግኸውን ውድ ዶክ ግዛ፣ ሁለተኛው ጥቁር ነው።

የዶክ ደጋፊ፦ ለእሱማ የዲስፕሌይሊንክ ዶክ አለ። ምስሉን በሶፍትዌር ጨምቆ እንደ ተራ ዳታ በዩኤስቢ ይልካል። ኤም1 ላይም ሁለት ሞኒተር ያወጣል።

የቀጥታ ኬብል ደጋፊ፦ ድራይቨር ይጫናል፣ ፕሮሰሰሩ ይሠራል። ለጽሑፍና ለኤክሴል ይሁን፣ ለጌም ግን አልመክርም። ከቅጂ የተጠበቀ ፊልምም ላይከፈት ይችላል። እኔ አንዱን በኤችዲኤምአይ፣ ሌላውን በዩኤስቢ-ሲ እሰካለሁ። መሃል ላይ የሚያስቸግር ሳጥን የለም።

የዶክ ደጋፊ፦ ኤችዲኤምአዩ ስንተኛው ነው? 1.4 ከሆነ 4ኬን የሚያወጣው በ30 ኸርዝ ነው፤ 60 የመጣው በ2.0 ነው። ያቺ የምትቆራረጥ ማውስ ዶክ ባትገዛም ትመጣብሃለች። ዩኤስቢ-ሲውም አንድ ብቻ ከሆነ ሞኒተሩ ይዞታል፤ ቻርጁን የት ልትሰካው ነው?

የቀጥታ ኬብል ደጋፊ፦ ላፕቶፑን በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ሞኒተር እገዛለኋ።

የዶክ ደጋፊ፦ እሱማ ዶክ ያለበት ሞኒተር ነው።