የውስጡ ለፎቶ፣ የጓሮው ለወጥ

ወንድሜ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ቤት ሠራ። ጂ ፕላስ ዋን ነው። ፊቱ ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ ብርጭቆ፣ ጣሪያው ከመንገድ የማይታይ፣ ማታ ማታ በጠርዙ ዙሪያ መብራት የሚበራለት፣ በቃ አሁን በየሰፈሩ የምታዩት ዓይነት ቤት። የምርቃቱ ቀን እናታችን ከመራዊ መጣች። ዞራ አየችው፣ እልል አለች፣ መረቀች። ከዚያ ነጩ ሶፋ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ትንሽ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ ቤቱስ ያምራል። ሰው የሚኖረው ግን የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ አዲስ ቤት በገባሁ ቁጥር ይህችው ጥያቄ ትመጣብኛለች። አርክቴክት አይደለሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በአሥር ዓመት አምስት ቤት የተከራየሁ ሰው ነኝ። ተከራይ ደግሞ የቤት ጥፋት ቶሎ ይገባዋል፤ ለጥፋቱ በየወሩ ይከፍላላ።

ከማድ ቤቱ ልጀምር። አሁን ፋሽኑ ክፍት ኪችን ነው። በሳሎኑና በኪችኑ መካከል ግድግዳ የለም፤ አንድ ረጅም የግራናይት ጠረጴዛ፣ ከላዩ ሦስት የተንጠለጠሉ አምፖሎች፣ አለቀ። ዳቦ በማርመላታ በልቶ ለሚወጣ ሰው ጥሩ ነው። እኛ ግን ቁሌት አለን። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በርበሬ ገብቶበት ሲንተከተክ ሽታው ሶፋው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ አልጋ ልብሱ ላይ ይሰፍራል፤ እሑድ የተሠራው ዶሮ ወጥ ረቡዕ ከትራሳችሁ ይሸታችኋል። እንጀራ መጋገርማ አይታሰብም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የጂፕሰም ኮርኒሱን ያረጥባል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከጓሮ በቆርቆሮ ሌላ ማድ ቤት ይሠራል። ወንድሜም ሠራ። ሚስቱ የምትውለው እዚያ ነው። የውስጡ ለፎቶ፣ የጓሮው ለወጥ። የውስጡ ኪችን ስንት እንደፈጀ አውቃለሁ፤ አልናገርም፣ ዘመድ ያጣላል።

የሚገርመኝ የጓሮው ማድ ቤት ፕላኑ ላይ አለመኖሩ ነው። እንደሚሠራ ከመጀመሪያው ሁሉም ያውቃል። የቤቱ ባለቤት ያውቃል፣ ፕላን ያወጣው ያውቃል፣ ግንበኛውም ያውቃል። ወረቀት ላይ ማስገባት ግን ኋላ ቀር የሚያስብል ይመስላቸዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በተረፈ ብሎኬትና በአሮጌ ቆርቆሮ ይቆማል። ጢስ መውጫ የለው፣ ሲንክ የለው፣ ቧንቧው ከግቢ ጫፍ በጎማ የሚመጣ። ቤተሰቡ ከሁሉም በላይ የሚጠቀምበት ክፍል የደረሰው ትርፍራፊ ነው።

ብርጭቆው ሌላ ጉድ ነው። ከአሁኑ ቤቴ በፊት የነበርኩት ሽምብጥ ሰፈር ነበር። መኝታ ቤቴ ወደ ምዕራብ ያያል፣ የግድግዳው ግማሽ ብርጭቆ ነው። የገባሁት ጥቅምት ላይ ስለነበር ብርሃኑን ወድጄው፣ ለጓደኞቼም ፎቶ ልኬ ነበር። መጋቢት መጣ። ባሕር ዳርን የማታውቁ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ቀን ላይ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ያ ጥላ ሥር ነው። ክፍሌ ውስጥ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ፀሐይዋ ራሷ እንደ እንግዳ ገብታ አልጋው ላይ ትቀመጣለች፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድግዳውን ብነካው ገና ለብ ያለ ነው። መስኮት ልክፈት ስል ተንሸራታች ነው። አንዱ ክንፍ ሌላው ላይ ስለሚደረብ ከግማሽ በላይ አይከፈትም። ከላይ ያለው ትልቁ ብርጭቆ ደግሞ ድፍን ነው፣ ጭራሽ አይከፈትም። ወንፊት? የለም። ወባ ባለበት፣ ጣና አፍንጫው ሥር በሆነ ከተማ፣ መስኮት ያለ ወንፊት! እና ምርጫችሁ ወይ መቀቀል ወይ መነከስ ነው።

ደግሞ ሰማያዊው ብርጭቆ ቀን ቀን መስታወት ስለሚሆን አላፊ አግዳሚው ጸጉሩን ያስተካክልበታል። ማታ መብራት ስታበሩ ነገሩ ይገለበጣል። እናንተ ብርጭቆው ላይ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ፣ መንገደኛው ደግሞ እናንተን። ይህን ያወቅሁት ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ስሄድ፣ «ወንድሜ፣ ትናንት ጎሉ ሲገባ አዘላለልህ!» ያለኝ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍራም መጋረጃ አንጠለጠልኩ፣ እስክወጣም ድረስ አልገለጥኩትም። ያን ሁሉ ብር የፈጀ ብርጭቆ ከመጋረጃ ጀርባ ኖረ።

ሌላ ከተማ ቢሆን እሺ እል ነበር። እኛ ግን የጣና ደቡብ ዳርቻ ላይ ነን። ቀን መሬቱ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ከሰሜን በኩል፣ በነጻ። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይጠፋም። የሚፈልገው ሰሜን በኩል አንድ መስኮት፣ በትይዩ ደቡብ በኩል አንድ መስኮት ነው፤ በዚያ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል። ፀሐይዋም ብትሆን አትከብድም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆንን ቀትር ላይ አናታችን አካባቢ ነች፣ አጭር ጥላ ይከላከላታል። የምታቃጥለን በጎን ስትመጣ ነው፤ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ቦታው ላይ በርጩማ አውጥቶ መዋል ይበቃል። ቤቶቻችን ግን ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ነፋሱም፣ ከፀሐይዋ ለመሸሽም አይደለም። ወደ መንገዱ ነው። መንገዱ ምዕራብ ከሆነ ብርጭቆው ሁሉ ምዕራብ። ሰሜን በኩል ምን አለ? የሽንት ቤቱ ትንሿ መስኮት። የጣናን ነፋስ የሚጠጣው ሽንት ቤቱ ነው።

ስለ ሽንት ቤት ከተነሳ፣ በሩ የምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት የሚከፈት ቤት ስንት አይታችኋል? እኔ ሦስት። እንግዳ ሆናችሁ በይሉኝታ ቀኑን ሙሉ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሌላ አልጨምርም።

ጣሪያው ጋ ስደርስ ግን ደሜ ይፈላል። ድሮ ቤት ክፍክፍ ነበረው። ጣሪያው ከግድግዳው አንድ ክንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣና ዝናቡን ራቅ አድርጎ ይጥለዋል፣ ግድግዳውንም ጥላ ያለብሰዋል። ዘጌ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ዙሪያውን ዝቅ ብሎ ይወርዳል፣ ከሥሩ ሰው ዝናብ ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳታገኘው ይቆማል። የውስጡ ሥዕል ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ግድግዳው ስላልራሰም ጭምር ነው።

አሁን ክፍክፍ ነውር ሆኗል፣ ቤት ሳጥን መምሰል አለበት ተብሏል። ቆርቆሮው ግን የትም አልሄደም፣ ተደበቀ እንጂ። ግድግዳው ከጣሪያው በላይ ከፍ ይልና ቆርቆሮው ከጀርባው ይተኛል፣ አሸንዳውም አብሮት ወደ ውስጥ ይገባል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 150 ካሬ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 7,500 ሊትር ውሃ ነው፣ በአንድ ከሰዓት። ይህን ሁሉ በሁለት ቀጭን ቱቦ ውረድ ነው የምንለው። አንድ እፍኝ የማንጎ ቅጠል፣ አንድ የእርግብ ጎጆ፣ ወይም ትንሽ በረዶ አፉ ላይ ከተከመረ ውሃው መሄጃ የለውም። ውጭ ያለ አሸንዳ ቢሞላ ግቢ ይፈሳል፣ የተደበቀው ሲሞላ ሳሎን ይፈሳል።

ከንድፈ ሐሳብ አይደለም የማወራው። ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የሆነ ነገር ዷ ሲል ነቃሁ። የጂፕሰሙ ቁራጭ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ከብዶት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወድቋል። ከጎኑ እንደ ጠላ ጠይም የሆነ ውሃ ይንጠባጠባል። ባልዲ አስቀመጥኩ፣ ሞላ፣ ሰፌድ የሚያህል ሳፋ አመጣሁ፣ እሱም ሞላ። ሲነጋ አከራዬ ጋ ደወልኩ። «አይዞህ፣ ሲሊኮን እናስቀባዋለን» አለኝ። በፊት የነበረው ተከራይም ሲሊኮን ተቀብቶለት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ከሱ በፊት የነበረውም። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሳየው ከቆርቆሮው ሲሊኮኑ ይበልጣል።

ያ ጂፕሰም ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ዙሪያውን ጎድጓዳ ተደርጎ ውስጡ ገመድ የመሰለ መብራት ይቀመጥበታል። ምሽት ላይ ከሐይቁ የሚመጣው ነፍሳት ሁሉ ብርሃኑን ተከትሎ ይገባና እዚያው ጎድጓዳው ውስጥ ይሞታል። በወሩ የመብራቱ ግማሽ ይጠፋል፣ የቀረው ግማሽ የሞቱትን ያሳያል።

ደረጃ ላይ ግን ቀልድ የለም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የወንድሜ ቤት መኝታዎቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ታች ያለው ሳሎን፣ ምግብ ቤት፣ የፎቶው ኪችን። የቆዩ ባለሙያዎች አንድ ልክ አላቸው። የአንዱን ደረጃ ቁመት ሁለት ጊዜ ወስደህ ከእግር መርገጫው ጋር ስትደምረው ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ቁመቱ 17 ቢሆን መርገጫው 28 ይሆናል፣ 62 ይመጣል፣ እግር ሳያስብ ይወጣዋል። የወንድሜን ለካሁት። ቁመቱ 21፣ መርገጫው 24። ሲደመር 66 ነው። ቦታ ለመቆጠብ ነው አሉ፣ ሳሎኑ እንዲሰፋ። በላዩ ላይ ደግሞ እንደ በረዶ የሚያንሸራትት ነጭ ሴራሚክ ተለበጠበት፣ መደገፊያው ብርጭቆ ሆነ። በክረምት እርጥብ ጫማ አድርጎ ለወጣበት ሰው የሚያዝ ነገር የለውም። እናቴ ስትመጣ ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው። ስድስት መኝታ ያለው ቤት ውስጥ!

ባኞውን ረስቼው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ሜትር የሚጠጋ ባኞ ገብቷል። ጥቅም የለውም እንዳልል፣ አለው፤ ውሃ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሄድ በጣሳ ይቀዳበታል።

ግቢውንም እዩት። መንገዱ ላይ ዘንባባ አለ፣ ጥላ አለ፣ ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያሰኛት እሱ ነው። የግቢው በር ሲከፈት ግን ከአጥር እስከ አጥር ታይል ነው፣ አንድ ማንጎ እንኳ የለም፤ «ቅጠሉ ያቆሽሻል» ተብሎ ተቆርጧል። ቀን የዋለበትን ሙቀት ማታ መልሶ ይተፋዋል። ውሃ የሚሰርግበት አፈር ስለሌለ ዝናቡም ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው፣ ጎረቤትም ወደ ጎረቤቱ ይሰደዋል።

«ታዲያ የድሮው ይሻል ነበር ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሻልም። ያደግኩት በጭቃ ቤት ነው። ምሰሶውን ምስጥ ይበላው ነበር፣ በየዓመቱ ግድግዳው ይመረግ ነበር፣ ውስጡ ቀን ላይም ጨለማ ነበር፣ ትኋኑን አልነግራችሁም። ብሎኬት ይሻላል፣ ሴራሚክ ይጸዳል፣ ቧንቧ ቤት ውስጥ መግባቱ ተመስገን ነው። እኔን የሚያናድደኝ አዲስነቱ አይደለም። አዲሱን ቤት ስንሠራ ማን ይኖርበታል ብለን አለመጠየቃችን ነው። ወንድሜ ፕላን ሊያስወጣ ሲሄድ ይዞ የሄደው አንድ ነገር ነው፣ ስልክ። ስልኩ ውስጥ አንድ ፎቶ፣ የማን አገር ቤት እንደሆነ አያውቀውም፣ ምናልባት ዝናብ የማያውቅ አገር ነው። «ይቺን የመሰለ» አለ። ባለሙያውም ይቺን የመሰለ ሠራለት። በመካከላቸው ቁሌት አልተነሳም፣ የእናቴ ጉልበት አልተነሳም፣ ነሐሴ አልተነሳም። ስንት ልጅ አለህ እንኳ አልተባለም። የተነሳው ከመንገድ ሲታይ ምን ይመስላል ነው። ሰው ምን ይላል። እኛ እኮ በሰው ፊት ደህና ለመታየት ጾማችንን የምናድር ሕዝብ ነን፤ ቤቱም እንደኛው ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ዘንድሮም ጣሪያው አፍስሷል። ሲሊኮን ሰልችቶት በስተመጨረሻ ሳጥኑ ላይ ተዳፋት ቆርቆሮ ሊያስመታ ነው፣ ክፍክፍ ያለው፣ አሸንዳው ውጭ የሆነ። ግንበኛው «ኧረ ቤቱን ታበላሸዋለህ» ብሎ ተከራክሮታል። ወንድሜ የደወለው ቀለም እንድመርጥለት ነበር፣ ቡናማ ይሁን ወይስ ግራጫ። ቀለሙን ተወው፣ ክፍክፉ ስንት ይወጣል አልኩት። «40 ሳንቲ» አለኝ። 80 አድርገው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ከመንገድ አያስጠላም?» አለኝ።