ሰማይ አይታረስ፣ ባለሥልጣን አይጠየቅ

ውለታቸው ሳይነገርላቸው ከቀሩ ባለሙያዎች መካከል፣ ከበላይ የሰማውን ቃል አንዲት ፊደል ሳያጎድል ለሕዝብ የሚያደርሰውን ጋዜጠኛ የሚያህል የለም። ይህ ሰው አይጠይቅም፤ መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል። አይጠራጠርም፤ ጥርጣሬ ወዳጅ ያሳጣል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የአበው ብሂል ማንም ሳያስተምረው፣ ንጉሥ በሌለበት አገር እንኳ ሳይቀር፣ በሥራ ላይ ሲያውል ይኖራል። ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሐውልት ሊቆምለት ሲገባ፣ ሮብ ራይነር የተባሉት አሜሪካዊ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2017 «ሾክ ኤንድ ኦው» የተሰኘ ድራማ ሠርተው፣ የኢራቅ ጦርነት ሳይጀመር፣ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ለሚለው የአሜሪካ መንግሥት ክስ «እስኪ ማስረጃው የታለ?» እያሉ የመንግሥትን ሥራ ሲያጓትቱ የነበሩ አራት ጋዜጠኞችን ጀግና አደረጓቸው። ፊልሙ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ታይቶ ማለፉ ሕዝቡ ዛሬም ጨዋ መሆኑን ያሳያል። በእርግጥ ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ ከመነጋገር ይልቅ ለተመልካች ማብራሪያ መስጠት ስለሚቀናቸው፣ ያልታየበት ምክንያት ጨዋነት ብቻ ነው ማለት አይቻል ይሆናል።

የአራቱ ሰዎች ጥፋት ከሥራ ቦታቸው ይጀምራል። ጆናታን ላንዴይ፣ ዋረን ስትሮበል፣ አለቃቸው ጆን ዋልኮትና አንጋፋው ጆ ጋሎዌይ ይሠሩበት የነበረው ናይት ሪደር የተባለው ኩባንያ ከ30 በላይ ዕለታዊ ጋዜጦች ቢኖሩትም፣ ዋሽንግተንም ኒውዮርክም ውስጥ የሚታተም አንድም ጋዜጣ አልነበረውም። በዋሽንግተን የማይነበብ ጋዜጣ ደግሞ ሚኒስትር ምሳ የማይጋብዘው ጋዜጣ ነው፤ ምሳ ያልተጋበዘ ዘጋቢም ከማጣራት በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። እነዚህም ከፍተኛው ባለሥልጣን በር ላይ በትዕግሥት ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ታች ወርደው፣ ሰነዱን በእጃቸው የያዙትን የስለላ ተንታኞች፣ የጦር መኮንኖችና ዲፕሎማቶች ማነጋገር ጀመሩ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለውን ብሂል እንደ ሙያ መመሪያ ወሰዱት ማለት ነው።

በጋሎዌይ ላይ የነበረው ችግር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ሰውየው ቬትናም ጦር ሜዳ ውስጥ ተገኝቶ፣ በተኩስ መካከል ቁስለኛ በማዳኑ ሜዳልያ የተሸለመ በመሆኑ፣ ስለ ጦርነት ሚዛናዊ አስተያየት ሊኖረው እንደማይችል ግልጽ ነው። ሚዛናዊነት የሚገኘው ጦርነትን በካርታ ላይ ብቻ ካዩት ዘንድ ነው፤ በዚያ ዘመን በዋሽንግተን የእነርሱ እጥረት አልነበረም።

አሁን ወደ ምስጋናው ልመለስ። የታዛዥ ጋዜጠኝነት ውበት ሁሉ ተጠቃልሎ የታየበት ዕለት እሑድ፣ መስከረም 8 ቀን 2002 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዋዜማው የዋይት ሐውስ የሠራተኞች ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ካርድ፣ ለኢራቁ ጦርነት ድጋፍ ለማሰባሰቢያው ዘመቻ መስከረም ለምን እንደተመረጠ ሲገልጹ፣ ከገበያ አንጻር አዲስ ዕቃ በነሐሴ ወር ለሽያጭ እንደማይቀርብ የተናገሩት በጋዜጣ ታትሞ ነበር። ነጋዴው ሸቀጡን ለገበያ እያዘጋጀ መሆኑን በገዛ አንደበቱ ሲናገር የሰማ ገዢ ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ ማየቱ የተለመደ ነው፤ የዋሽንግተን ጋዜጠኛ ግን እንዲህ ያለ ክፉ ጠባይ አላሳየም። በማግስቱ ማለዳ ኒውዮርክ ታይምስ በማይክል ጎርደንና በጁዲት ሚለር ስም በፊት ገጹ ባወጣው ዜና፣ ኢራቅ የአቶሚክ ቦምብ ለመሥራት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለመግዛት እየሞከረች መሆኗን፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ የመንግሥት ባለሥልጣናትን ምንጭ አድርጎ አስነበበ። በዚያው ጠዋት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዲክ ቼኒ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ስለ ቱቦዎቹ ሲናገሩ ኒውዮርክ ታይምስን ጠቀሱ። የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ኮንዶሊዛ ራይስም በሲኤንኤን ቀርበው፣ ማስረጃው የአቶሚክ ደመና ሆኖ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማይገባ አስጠነቀቁ።

የዚህን አሠራር ጥበብ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መንግሥት ለጋዜጣው በጆሮው ይነግረዋል፤ ጋዜጣው ለሕዝብ ያትመዋል፤ ከዚያም መንግሥት ራሱ ጋዜጣውን ገልጦ «እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ነጻው ፕሬስም ይህንኑ ይላል» ብሎ ይመሰክራል። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ከሳሽም፣ ምስክርም፣ የምስክር ምስክርም ሆኖ የቀረበበት ችሎት ከዚህ በፊት ታይቶ እንደሆነ አላውቅም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማጣራት የሚባል ነገር ቢጨመር ኖሮ የሚያተርፈው ማሰልቸት ብቻ ነበር።

ስለ ቱቦዎቹም ትንሽ ማለት ይገባል፤ አንድ ቱቦ ይህን ያህል ክብር ሲያገኝ በታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ስፋታቸው 81 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 900 ሚሊ ሜትር ነበር። ኢራቅ ከዚያ ቀደም ለአነስተኛ ሮኬት መሥሪያ ስትጠቀምባቸው የነበሩት ቱቦዎች ስፋትም 81 ሚሊ ሜትር ነበር። በአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ሥር የሚሠሩ፣ ዩራኒየም የሚያበለጽገውን ሴንትሪፊውጅ ከማንም በላይ የሚያውቁ ባለሙያዎች ቱቦዎቹን አይተው፣ ለዚያ ሥራ ጠባብና ረዥም፣ ግድግዳቸውም ወፍራም መሆኑን፣ ለሮኬት ግን የሚስማሙ መሆናቸውን ተናግረው ነበር። ራይስ በበኩላቸው ከኒውክሌር ሥራ በቀር ለሌላ ለምንም የማይሆኑ ናቸው አሉ። በአንድ በኩል ዕድሜውን ሙሉ ከማሽን ጋር የኖረ መሐንዲስ፣ በሌላ በኩል የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ቆመው፣ ማንን እናምን ብሎ የሚያመነታ ጋዜጠኛ በእውነቱ ሥነ ሥርዓት አያውቅም። ላንዴይ ግን ጥቅምት 4 ቀን የስለላ ተንታኞቹ በቱቦዎቹ ጉዳይ መለያየታቸውን ጻፈ። ከአራት ቀን በኋላ ላንዴይና ባልደረቦቹ ተባብረው፣ በመንግሥት ውስጥ ያሉ በርካታ መኮንኖች፣ የስለላ ባለሙያዎችና ዲፕሎማቶች ወደ ጦርነት የሚደረገው ጥድፊያ እንዳሳሰባቸው ጻፉ። በዚያው ሳምንት የኮንግረሱ የታችኛው ምክር ቤት 296 ለ133፣ ሴኔቱ ደግሞ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ ለፕሬዚዳንቱ ጦር የማዝመት ሥልጣን ሰጡ፤ የመረጣቸው ሕዝብ ዋሽንግተን የማይደርስ ጋዜጣ ቢያነብም እነርሱ አያነቡትማ።

እዚህ ላይ ስለ ገጽ ቁጥር ጥበብ ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆናል። ጠያቂ ዜና ማፈን የአምባገነን አገር ሥራ ነው፤ በሠለጠነ አገር አይታፈንም፣ ይታተማል፣ የሚታተመው ግን ሰው እጁን ዘርግቶ በማይደርስበት ገጽ ነው። ዋሽንግተን ፖስት ከነሐሴ 2002 ጀምሮ ጦርነቱ እስከተጀመረበት ቀን ድረስ የመንግሥትን ክስ የሚያስተጋቡ ከ140 በላይ ዜናዎችን በፊት ገጹ ማውጣቱን ራሱ ጋዜጣው በ2004 ቆጥሮ ነግሮናል። ዋልተር ፒንከስ የተባለው አንጋፋ ዘጋቢው፣ አሜሪካ ስለተከለከሉት መሣሪያዎች ዝርዝር ማስረጃ እንደሌላት የጻፈው ዜና ግን መጋቢት 16 ቀን 2003፣ ቦምቡ ሊወርድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በገጽ 17 ታተመ። ስለዚህ ጋዜጣው አልጻፈም ብሎ የሚከሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው። አንባቢው እስከ ገጽ 17 ለመድረስ ስንፍና ከያዘው የጋዜጣው ጥፋት ምን ላይ ነው?

የካቲት 5 ቀን 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ተገኝተው፣ ነጭ ዱቄት የያዘች ትንሽ ብልቃጥ በጣታቸው ከፍ አድርገው አሳዩ። ብልቃጧ ውስጥ የነበረው ከኢራቅ የመጣ አልነበረም፤ ለማስረዳት ያህል የተያዘ ነበር። ነገር ግን ፎቶግራፉ እጅግ ያምር ነበር። በማግስቱ የዋሽንግተን ፖስት ርእሰ አንቀጽ «የማይታበል» የሚል ርእስ ይዞ ወጣ። ፓወል ስለ ተንቀሳቃሽ የመርዝ ላቦራቶሪዎች የተናገሩት በአመዛኙ በአንድ ጀርመን አገር በሚኖር ኢራቃዊ ስደተኛ ቃል ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሰውየው በ2011 ነገሩን የፈጠረው ራሱ መሆኑን አመነ። ለማስተባበል ስምንት ዓመት መጠበቁ ትዕግሥተኛነቱን ያሳያል። በእነዚያው ቀናት፣ በምክር ቤቱ መግቢያ የተሰቀለው፣ በቦምብ የተደበደበችን የስፔን ከተማ የሚያሳየው የፒካሶ ሥዕል ቅጂ በሰማያዊ መጋረጃ ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ሰሞን ከታዩት የአርትዖት ሥራዎች ሁሉ የመጋረጃውን ያህል ግልጽ የሆነ አላየሁም።

ለእኛም ለኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለንና ከምስጋናው ልንጎድል አይገባም። ዋይት ሐውስ በመጋቢት 2003 ጦርነቱን ይደግፋሉ ያላቸውን አገሮች ስም ዝርዝር ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያም ኤርትራም ተጽፈው ተገኙ። ከሦስት ዓመት በፊት እርስ በርስ የአሥር ሺዎች ደም ያፈሰሱ፣ በባድመ ጉዳይ ያኔ ፈጽሞ ያልተስማሙ ሁለት መንግሥታት በባግዳድ ጉዳይ ያለ አንዳች ክርክር በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። እርቅ የሚያወርድ ሽማግሌ ፍለጋ አልጀርስ ድረስ መሄዳችን ለካ በከንቱ ነው፤ የማያገባን ጦርነት መፈለግ ብቻ ይበቃ ነበር። ስለ ቱቦው ስፋት ከአዲስ አበባም ከአስመራም የጠየቀ አለመኖሩ የጨዋነታችንን ጥልቀት ያስረዳል።

ከድል በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። መሣሪያው ተፈለገ፤ አልተገኘም፤ የሲአይኤ የፍተሻ ቡድን በጥቅምት 2004 ክምችት አለመኖሩን አስታወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 24 ቀን 2004፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዘጋቢዎች በዋሽንግተን ባዘጋጁት የእራት ግብዣ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ በቢሯቸው ዕቃ ሥር ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ የሚያሳይ ፎቶ አቅርበው፣ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያው እዚህ የሆነ ቦታ መኖር አለበት ብለው ቀለዱ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በዚያን ጊዜ ኢራቅ ውስጥ ከሞቱት ኢራቃውያን ሌላ የሞቱት አሜሪካውያን ወታደሮች ብቻ ከ500 በላይ ነበሩ። በገዛ ራሱ የተታለለበት ነገር ከአታላዩ አፍ እንደ ቀልድ ሲነገረው እራቱን ሳያቋርጥ መሳቅ የሚችል የሙያ ማኅበር ከአሜሪካ ውጪ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ሁለት ወር ቆይቶ ኒውዮርክ ታይምስ ዘገባው በቂ ጥንቃቄ እንዳልነበረው አምኖ ማስታወሻ አወጣ፤ የማንንም ዘጋቢ ስም አልጠራም፤ ቱቦዎቹ የፊት ገጽ እንግዶች እንዳልነበሩ ሁሉ ማስታወሻው ገጽ 10 ላይ ተቀመጠ።

ናይት ሪደር በ2006 ተሸጦ ስሙ ጠፋ። በተቃራኒው ጦርነቱን ያሟሟቁ አስተያየት ሰጪዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ስለሚቀጥለው ጦርነት እየተጋበዙ ያብራራሉ። በመካከላቸውም አንድ የተወደደ ሐረግ አለ፤ «በዚያን ጊዜ ሁላችንም ነበርን የተሳሳትነው» ይላሉ። ይህ አባባል የቸርነት ሥራ ነው፤ ስህተት ለሁሉም እኩል ሲከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ይቅርታ እንኳ አያስጠይቅም። ለዚህ መልካም አከፋፈል እንቅፋት የሆነው የእነዚያ አራት ሰዎች ጽሑፍ ከነቀኑ፣ ከነስሙ በቤተ መዛግብት መቀመጡ ነው። ራይነርም ሰው የረሳውን ወረቀት አውጥተው፣ እሳቸው ራሳቸው የዋልኮትን ቦታ ይዘው ተውነው፣ በሕዝብ ፊት አነበቡት። ፊልሙ እንደገና ለእይታ የሚቀርብ ከሆነ፣ የጋዜጦቹን ቀን የሚያሳዩት ምስሎች ተቆርጠው እንዲወጡ፣ ካልሆነም ቢያንስ ስርጭቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ እንዲሆን፣ ለሚመለከታቸው ከፍተኛ ባለሥልጣናት በአክብሮት አመለክታለሁ። ስሜ ግን እንዳይጠቀስ።