የተቃራኒ ቃላት ሊስት መሸምደድ ቢቀርባችሁስ?

የእንግሊዝኛ ቮካቡላሪ ፈተና ሲቃረብ ተማሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ፒዲኤፍ ነው የሚያወርደው፣ በግራ ቃሉ በቀኝ ተቃራኒው ተደርድሮ፣ ከዛ ሌሊቱን ሙሉ ሽምደዳ ነው። እኔ ግን ይሄ ሊስት ከሚጠቅመው የሚያምታታው ይበዛል ባይ ነኝ።

ለምን መሰላችሁ፣ ሁለት የማታውቋቸውን ቃላት ተቃራኒ ስለሆኑ ብቻ ባንዴ ስትይዟቸው ጭንቅላት ውስጥ ይደበላለቃሉ። ኤክስፕሊሲት እና ኢምፕሊሲትን ባንድ ማታ የሸመደደ ልጅ ጠዋት ላይ ተቃራኒ መሆናቸውን አይረሳም፣ የቱ ነው በግልጽ የተነገረው የቱ ነው ሳይነገር ውስጡ ያለው ስትሉት ግን ግራ ይገባዋል። ይሄ ደግሞ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ቶማስ ቲንክሃም የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጥናት በትርጉም የተቀራረቡ አዳዲስ ቃላትን አንድ ላይ መያዝ ከማይገናኙ ቃላት የበለጠ እንደሚያስቸግር አሳይቷል፣ የቮካቡላሪ ትምህርት ላይ ብዙ የጻፈው ፖል ኔሽንም ተቃራኒዎችን ባንዴ አታስተምሩ፣ መጀመሪያ በብዛት የሚያገለግለው በደንብ ይያዝ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል ነው የሚለው። እና ሊስቱ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ሌላው ችግር ሊስቱ አንድ ቃል አንድ ተቃራኒ ብቻ ያለው ማስመሰሉ ነው። ኦልድ ለሰው ከሆነ ተቃራኒው ያንግ ነው፣ ለመኪና ከሆነ ደሞ ኒው። ላይት ለሻንጣ ሄቪ፣ ለቀለም ዳርክ። ድራይ ስትባሉ ወዲያው ዌት ትላላችሁ አይደል፣ ወይን ጠጅ ላይ ሲመጣ ግን ተቃራኒው ስዊት ነው፣ እሱን የትኛውም ሊስት ላይ አታገኙትም። ስለዚህ ቃሉን ከነጓደኛው፣ ማለቴ አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር ካልያዛችሁት ተቃራኒውንም አላወቃችሁትም።

ቅጥያ ላይ መተማመንም ጣጣ አለው። ኢን ከፊት ከመጣ አሉታ ነው ብሎ የደመደመ ሰው ኢንፍላመብልን የማይቃጠል ይለዋል፣ ቃሉ ግን ልክ እንደ ፍላመብል በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው (የእሳት ማስጠንቀቂያ ላይ ሲሆን ደግሞ አስቡት!)። ኢንቫልዩብልም ዋጋ ቢስ ሳይሆን በጣም ጠቃሚ ማለት ነው፣ ፈታኞች ይሄን ይወዱታል።

ፈታኞች ከሁሉም የሚወዱት ግን ምርጫው ውስጥ ተመሳሳዩን ቃል መወርወር ነው። ተማሪው ሰዓት ሲያጥረው የሚያውቀውን ትርጉም ሲያይ ያቺን አክብቦ ያልፋል፣ የተጠየቀው ተቃራኒ መሆኑን ረስቶት። ሁለተኛዋ ወጥመድ የቃሉ የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ ዋርም ተብሎ ሲጠየቅ ኩልም ኮልድም ከተሰጡ እኩያው ኩል ነው፣ ሆት ከሆነ ነው ኮልድ የሚመለሰው።

በነገራችን ላይ ጂአርኢ (ለድህረ ምረቃ መግቢያ የሚወሰደው ፈተና) ራሱ የተቃራኒ ጥያቄን እ.ኤ.አ. በ2011 ፈተናው ሲከለስ አውጥቶታል፣ በምትኩ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባዶ ቦታ መሙላት ላይ ነው ያተኮረው፣ ኤስኤቲም (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ከዛ በፊት በ1994 ትቶታል። ቃልን ለብቻው ገንጥሎ መጠየቅ የሚለካው ሽምደዳን ነው ብዬ ስለማስብ ደግ አደረጉ እላለሁ። ሌሎች ፈተናዎች ግን አሁንም ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ዝም ብሎ መተው አይቻልም።

እኔ የምለው፣ ዛሬ አንዱን ቃል ሁለት ሶስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እዩት፣ ራሳችሁም ጻፉበት፣ ተቃራኒውን ቃሉ ከረጋላችሁ በኋላ በሌላ ቀን አምጡት። ፈተናው ላይ ደሞ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ተቃራኒ አስቡ፣ ከዛ ግለጡና ፈልጉት። ቃሉን ጭራሽ ካላወቃችሁት እንኳን ከምርጫዎቹ ሁለቱ ትርጉማቸው አንድ ከሆነ ሁለቱንም ሰርዙ፣ መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉማ።