ስልክ መንጠቅ ማስተማር አይደለም

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ እንዳይጠቀሙ በሕግ ከከለከለች ወዲህ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። ክልከላውን አልቃወምም፤ ስልክ ድምፁ ጠፍቶም ቢሆን የተማሪን ልብ እንደሚሰርቅ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ጠዋት በር ላይ የተሰበሰበው ስልክ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በጥንቃቄ እንዴት እንደሚጠቀምበት ግን ልጁን ያስተማረው የለም።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታሪክ ምሁራን፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መረጃ ማጣራት ሙያቸው የሆኑ ሰዎች የድረ ገጾችን ተዓማኒነት እንዴት እንደሚመዝኑ አጥንተው ነበር። ከምሁራኑና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው በአርማውና በአድራሻው ሲታለሉ፣ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ቶሎ ትተው ሌሎች ስለ ባለቤቱ የሚሉትን ፈለጉ፤ በአጭር ጊዜም ትክክለኛው ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ምሁርነት እንኳ ያልተካው ይህ ብልሃት በዓመቱ መጀመሪያ በሚነበብ ደንብ አይገኝም። በታሪኩም በሳይንሱም ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት እያሳየ ሊያለማምዳቸው ይገባል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ በኋላ ነገሩ ይበልጥ አሳስቦኛል። አንድ ተማሪዬ ባስረከበው ጽሑፍ ግርጌ ደራሲው፣ ርእሱና የኅትመት ዓመቱ ሳይጎድል የተጠቀሰ፣ እኔ ግን ሰምቼው የማላውቀው መጽሐፍ አየሁ። ከመቆጣት ይልቅ «ና፣ አብረን እንፈልገው» አልኩት። በቤተ መጻሕፍቱ ዝርዝር የለም፤ በአሳታሚው ገጽም የለም። ደራሲው በእርግጥ ያለ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን አልጻፈም። ምንጩን የሰጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ አብረው መምጣት የለመዱ ቃላትን እንደሚገጣጥም፣ እውነት መሆናቸውን ግን እንደማያረጋግጥ ነገርኩት። ልጁ ማያ ገጹን ትንሽ ሲመለከት ቆየና «ታዲያ የቀሩትስ?» አለኝ። የቀሩትን አራት ምንጮች ራሱ ተቀምጦ አጣራቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱን ሰረዘ።

ትምህርቱ ሰፊ ነው፣ ጊዜ የለም የሚሉ ባልደረቦቼ ድካም የእኔም ድካም ነው። ሆኖም ያን ዕለት የወሰደብን ሃያ ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጽሑፍ ሥራ ከምሰጠው ማርክ የተወሰነውን፣ ተማሪው እያንዳንዱን ምንጭ እንዴት እንዳጣራ ለሚያስረዳበት ገጽ አድርጌዋለሁ።